ሰባት ቤት የሚቆጥር ሒሳብ

ልጁና ልጅቷ ተዋደዋል። ቤተሰብም ሰምቷል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን አንድ የማይታለፍ ሥራ አለ፤ ዘር መቁጠር። «የሷ አያት የማን ልጅ ናቸው? የሱስ?» እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። በአማራው ልማድ እስከ ሰባት ቤት ካልተገናኙ ይጋባሉ። ከዚያ በታች ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፤ ወሬው እዚያው ያልቃል።

እስቲ ይህን ወረቀት ላይ እናውርደው። ሰው ሁሉ ነጥብ ይሁን። ወላጅና ልጅ በመስመር ይያያዙ፤ ባልና ሚስትም እንደዚያው። ልጁና ልጅቷ አንድ የጋራ ቅድመ አያት ካላቸው፣ የጋብቻው መስመር በተሰመረ ጊዜ ቀለበት ይዘጋል። ከሱ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ወደ እሷ፣ ከዚያ በጋብቻው መስመር ተመልሶ ወደ እሱ።

ልብ በሉ፤ የቆጣሪዎቹ ጥያቄ «ቀለበት ይዘጋል ወይ?» አይደለም። ራቅ ብለን ከሄድን ሁላችንም የሆነ ቦታ መገናኘታችን አይቀርም። የሚጠይቁት «የሚዘጋው ቀለበት ምን ያህል ነው?» ብለው ነው። ሰባተኛው ቤት ላይ ቢገናኙ 7 መስመር ወደ ላይ፣ 7 ወደ ታች፣ 1 የጋብቻ፤ ድምሩ 15 ነው። አጭር ቀለበት ክልክል፣ ረጅም ቀለበት ሰርግ። (አባት፣ እናትና ልጅ የሚሠሯትን ትንሿን ሦስት ማዕዘን ለጊዜው ተዉልኝ። እመለስባታለሁ።)

አያቶቻችን በቃል የሚሠሩት ይህ ሥራ ዛሬ በኮምፒውተር ዓለም ረጅም ስም ወጥቶለታል፤ ቶፖሎጂካል ዳታ አናሊሲስ። ግራፍ ላይ ሲውል ሥራው ቀለበት መፈለግ፣ ባዶ ቦታ መፈለግና መጠናቸውን መመዝገብ ነው።

«ግራፍ» ስል ትምህርት ቤት የሣልነውን ወደ ላይ ወደ ታች የሚል መስመር ማለቴ አይደለም። እዚህ ግራፍ ማለት ነጥቦችና የሚያገናኟቸው መስመሮች ናቸው፤ በቃ። የስልካችሁ ኮንታክት ግራፍ ነው። የከተማ መንገድ ግራፍ ነው፤ መስቀለኛው ነጥብ፣ መንገዱ መስመር። ሞለኪውልም ግራፍ ነው፤ አተሙ ነጥብ፣ ትስስሩ መስመር።

ነገሩ አሁን መነጋገሪያ የሆነው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምክንያት ነው። ግራፍ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ከላቦራቶሪ ወጥተው ሥራ ላይ ውለዋል። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች 2,335 ሞለኪውሎች አሳይተው ያሠለጠኑት ፕሮግራም ሃሊሲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ ሞለኪውል ጠቆማቸው። ሞለኪውሉ ቀደም ሲል ለስኳር በሽታ ተብሎ የተጠና ነበር፤ ለዚህ ይሆናል ብሎ የጠረጠረው አልነበረም። ጎግል ማፕስም «ስንት ደቂቃ ይፈጅብኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ የመንገዱን ግራፍ የሚያነብ ተመሳሳይ ፕሮግራም ይጠቀማል።

እነዚህ ፕሮግራሞች እንዴት ነው የሚያነቡት? እንደ ሰፈር ወሬ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለጎረቤቶቹ ስለራሱ ይናገራል። ጎረቤቶቹ የሰሙትን ጨምረው ለጎረቤቶቻቸው ያወራሉ። ጥቂት ዙር ከተወራ በኋላ ሁሉም ነጥብ ስለ አካባቢው የሆነ ነገር ያውቃል። ከዚያ የሁሉም ወሬ ተሰብስቦ የግራፉ መግለጫ ይሆናል።

ብልኃቱ ጥሩ ነው። ግን የሚገርም ዓይነ ስውርነት አለበት።

ወረቀት ላይ 6 ነጥብ አድርጉ። መጀመሪያ ሦስት ሦስቱን አያይዛችሁ ሁለት የተለያዩ ሦስት ማዕዘኖች ሥሩ። ቀጥሎ ሌላ 6 ነጥብ አድርጉና ሁሉንም በዙሪያ አያይዛችሁ አንድ ትልቅ ባለ ስድስት ጎን ቀለበት ሥሩ። ሕፃን ልጅ ልዩነቱን ያያል። አሁን ከነጥቦቹ አንዱን ሁኑ። ስንት ጎረቤት አለህ? ሁለት። ጎረቤቶችህስ? እነሱም ሁለት ሁለት። የነሱስ ጎረቤቶች? ሁለት ሁለት። ወሬው መቶ ዙር ቢዞር በሁለቱም ሥዕል ላይ ያው ነው። ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለው ነጥብ የጎረቤቱ ጎረቤት ራሱ ሌላው ጎረቤቱ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ወሬ ስም አይዝም።

ይህ ዓይነት ወሬ የት ድረስ እንደሚሄድ ሁለት የሶቪየት ሒሳብ ሊቃውንት፣ ዋይስፌይለርና ሌማን፣ በ1968 ባቀረቡት ሙከራ ይለካል። በ2019 ደግሞ ተራው የግራፍ ኒውራል ኔትወርክ (በወሬ የሚያነበው ያ ፕሮግራም ስሙ ይህ ነው) ምንም ቢደረግ ከዚያ ሙከራ አልፎ ማየት እንደማይችል ተረጋገጠ። ማሠልጠኛ ዳታ ብትጨምሩለት፣ ኮምፒውተሩን ብታፈጥኑት ለውጥ የለም። ጉድለቱ ያለው አሠራሩ ውስጥ ነው።

ቀለበት ቆጠራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቆጠራው ራሱ አዲስ አይደለም። ጉስታቭ ኪርሆፍ በ1847 የኤሌክትሪክ መስመሮችን ሲመረምር ያወጣው ነገር ነው። መስመሮቹን ቁጠር፣ ነጥቦቹን ቀንስ፣ የተለያዩ ቁራጮቹን ደምር፤ የሚቀረው ራሳቸውን የቻሉ ቀለበቶች ቁጥር ነው። ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች 6 ሲቀነስ 6 ሲደመር 2፣ ማለትም 2 ቀለበት። ትልቁ ቀለበት 6 ሲቀነስ 6 ሲደመር 1፣ ማለትም 1። ለጎረቤት ወሬ የማይታየው ነገር ለአንደኛ ክፍል ሒሳብ ታየ።

እዚህ ላይ ስለ ቶፖሎጂ አንድ ሁለት ቃል ልበል። ቶፖሎጂ ርቀትንና ማዕዘንን ረስቶ ቀዳዳና ግንኙነትን ብቻ የሚያይ የሒሳብ ዘርፍ ነው። ፈረንጆች ሲያስረዱ የቡና ኩባያና ዶናት አንድ ናቸው ይላሉ፤ ሁለቱም አንድ አንድ ቀዳዳ ስላላቸው፣ ኩባያው በእጀታው በኩል። የኛ ሲኒ እጀታ የለውም፤ ስለዚህ ለቶፖሎጂ ሰው ሲኒ ከኳስ አይለይም። ዶናቱን የሚተካልን ጀበና ነው። በአንገቱ ብቻ የሚቀዳው ጀበና አንድ ቀዳዳ አለው፤ እጀታው ነው። ጎኑ ላይ ጡት የወጣለት ከሆነ ሁለት ይሆናል፤ በአፉ የገባ ነገር በጡቱ መውጣት ይችላላ። የእንጀራ ዓይን ግን ቀዳዳ አይደለም። ወደ ታች አያልፍም፤ ጉድጓድ ነው።

ወደ ግራፉ እንመለስ፤ ያቺን አባት፣ እናትና ልጅ የሚሠሯትን ሦስት ማዕዘን ቀጠሮ ይዘንላት ነበር። በደረቁ ከቆጠርን እሷም ቀለበት ናት። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ግን «እነዚህ ቀለበት ሠርተዋል» አይልም። አንድ ቤት ናቸው። በሒሳቡም እንዲሁ ነው። ሦስት ነጥቦች ሁሉም እርስ በርስ ከተያያዙ መሐላቸውን እንሞላዋለን፤ እንደ ወረቀት ቁራጭ እንለጥፍበታለን። አራት ሁሉም ከሁሉም ከተያያዙ በውስጡ ጠጣር የሆነ ባለ አራት ፊት ቅርጽ ይሆናሉ። አምስትም ስድስትም እንዲሁ ይቀጥላል። እንዲህ ሁሉም ከሁሉም የተያያዙበት ቡድን ክሊክ ይባላል። ክሊኮቹ ከተሞሉ በኋላ የሚቀሩት ቀዳዳዎች ናቸው ትኩረት የሚገባቸው።

ከሞላን በኋላ ታዲያ የቅድሙ ሥዕል ምን ይሆናል? ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ይሞላሉ፤ ቀለበታቸው ይጠፋል። ባለ ስድስት ጎኑ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቅድም 2 ለ 1 የነበረው ውጤት 0 ለ 1 ሆነ። ግራፉ አልተነካም፤ የተለወጠው የኛ ምርጫ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

አሁን ከበድ ወዳለው ምሳሌ እንሂድ። ዴካሊንና ባይሳይክሎፔንቲል የሚባሉ ሁለት ሞለኪውሎች አሉ። ሁለቱም 10 ካርቦንና 18 ሃይድሮጅን አላቸው። ካርቦኖቹን ብቻ እንሣል። ዴካሊን ግድግዳ እንደሚጋሩ ሁለት ክፍሎች ነው፤ ባለ ስድስት ጎን የሆኑ ሁለት ቀለበቶች አንድ ጎን ይጋራሉ። ባይሳይክሎፔንቲል ደግሞ ባለ አምስት ጎን ሁለት ቀለበቶች ናቸው፤ በመሐላቸው አንድ መስመር እንደ ድልድይ ተዘርግቷል።

የሰፈሩን ወሬ ብትጠይቁት አንድ ናቸው ይላችኋል። በሁለቱም ሦስት ጎረቤት ያላቸው ሁለት ነጥቦች አሉ፤ እነሱም እርስ በርስ ጎረቤታሞች ናቸው። የቀሩት ስምንቱ ሁለት ሁለት ጎረቤት አላቸው። እሺ፣ የኪርሆፍን ቆጠራ እንሞክር። በሁለቱም 11 መስመርና 10 ነጥብ አለ፣ አንድ ቁራጭ ነው። 11 ሲቀነስ 10 ሲደመር 1፣ 2 ቀለበት። በሁለቱም! የሚሞላ ሦስት ማዕዘን የለም፤ ክሊክ መሙላቱም አይረዳም። ወሬውም ወደቀ፣ ቆጠራውም ወደቀ።

ሽማግሌው ግን አይወድቅም። «ስንት ቤት ነው?» ይላል። አንደኛው ላይ ስድስት፣ ሌላው ላይ አምስት።

ኮምፒውተሩ ይህን የሚጠይቅበት መንገድ ደስ ይላል። 6 ሰዎች መሶብ ከበው ተቀምጠዋል እንበል። መጀመሪያ አጠገብ ላጠገብ ያሉትን ብቻ እናያይዝ፤ አንድ ክፍት ቀለበት ሆነ። ቀጥሎ ሁለት ሰው ድረስ የሚርቁትንም እናያይዝ። አሁን ሁሉም ከሁሉም ተያይዟል፣ ፊት ለፊት ከተቀመጠው በስተቀር። ክሊኮቹን ስንሞላ 8 ሦስት ማዕዘኖች እናገኛለን። እነሱ ሲገጣጠሙ ቀለበቱ ይዘጋል፤ ነገር ግን ሁለት ፒራሚዶች ሥር ለሥር እንደተገጠሙ ያለ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርጽ ይወጣል። የቀለበቱ ቀዳዳ ሞቶ የሣጥን ዓይነት ባዶ ተወለደ። ሦስት እርምጃ ስንፈቅድ ፊት ለፊት ያሉትም ይያያዛሉ፤ ባዶውም ይሞላል።

በመሶቡ ዙሪያ 5 ሰዎች ቢሆኑስ? በሁለተኛው እርምጃ ሁሉም ከሁሉም ይያያዛል፤ ወዲያው ጥቅጥቅ ይላል። ባዶ የሚባል ነገር አይፈጠርም። ስለዚህ ዴካሊን በሁለተኛው እርምጃ ላይ ባዶ ያሳያል፣ ጎረቤት የሆነው ቀለበትም አይሞላለትም። ባይሳይክሎፔንቲል ምንም አያሳይም። ሁለቱ ተለዩ።

ይህ አሠራር ፐርሲስተንት ሆሞሎጂ ይባላል፤ የቀዳዳ ዕድሜ መቁጠር በሉት። እያንዳንዱ ቀዳዳ የትኛው እርምጃ ላይ ተወለደ፣ የትኛው ላይ ሞተ ተብሎ በአግድም መስመር ይሣላል። መስመሮቹ ሲደረደሩ ሱፐርማርኬት ዕቃ ላይ እንደምናየው ባርኮድ ይመስላሉ፤ ስሙም ባርኮድ ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ቀዳዳ የቅርጹ ሊሆን ይችላል፣ ብልጭ ብሎ የጠፋው የዳታ ጫጫታ ሊሆን ይችላል። ኤደልስብሩነር፣ ሌቸርና ዞሞሮዲያን በ2000 ለኮምፒውተር የሚመች ስሌት አወጡለት። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ዳታው ትንሽ ሲነቃነቅ ባርኮዱም ትንሽ ብቻ እንደሚነቃነቅ ተረጋገጠ። ይህ ባይኖር ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር።

ከሽማግሌው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው 7 ብሎ ይቆርጣል። ባርኮዱ አይቆርጥም፤ በ1፣ በ2፣ በ3፣ በሁሉም ርቀት ላይ የሆነውን ዘርግቶ ያሳያል።

አሁን ግን የኬሚስቱን ሳቅ እሰማለሁ። «ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ? የቀለበት መጠን እኮ እኛ በዓይናችን እናየዋለን!» እውነቱን ነው። ለሞለኪውል ሲሆን «በዚህ አተም በኩል የሚያልፈው ቀለበት ስንት ጎን ነው?» የሚል አንድ ተጨማሪ ዓምድ ዳታው ላይ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ምን እንደሚቆጠር አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ባርኮድ ቅንጦት ነው። እኔ እንደማየው ዘዴው ዋጋውን የሚያወጣው ምን መቁጠር እንዳለበት ማንም በማያውቅበት ቦታ ላይ ነው።

ለምሳሌ አንጎል ላይ። ኤፍኤምአርአይ የሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት የአንጎል ክፍሎች ምን ያህል አብረው እንደሚሠሩ ለመለካት ያገለግላል። ግንኙነቱ «አለ» ወይም «የለም» የሚባል አይደለም፤ ጠንካራ አለ፣ ደካማ አለ፣ መሐለኛ አለ። የቱ ላይ እንቁረጥ? የሰባት ቤት ዓይነት የወረስነው ቁጥር የለንም። ስለዚህ ከጠንካራው ግንኙነት እንጀምርና ደካሞቹን ተራ በተራ እየጨመርን የሚወለዱትንና የሚሞቱትን ቀለበቶች እንመዝግብ። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ አደረገ። ሳይሎሳይቢን፣ ማለትም ከእንጉዳይ የሚገኘው አእምሮ ለዋጭ ንጥረ ነገር የተሰጣቸውን ሰዎች፣ ባዶ መድኃኒት ከወሰዱበት ጊዜ ጋር አነጻጸረ። ንጥረ ነገሩ ሲሰጥ ዕድሜያቸው አጭር የሆኑ ብዙ ቅርጾች ብቅ ጥልቅ አሉ። ከነሱ ጋር በባዶው መድኃኒት ጊዜ ያልታዩ ጥቂት ግን ጽኑ ቅርጾች ተገኙ። የግንኙነቱን አማካይ ብቻ ብንወስድ ኖሮ እንዲህ ያለው ነገር አይታይም ነበር።

የዚህ ዘርፍ ትልቁ ጫጫታ ግን የ2017ቱ ነው። ስዊዘርላንድ ይገኝ የነበረው ብሉ ብሬይን ፕሮጀክት በኮምፒውተር የሠራውን የአይጥ አንጎል ቁራጭ፣ ወደ 31,000 የሚጠጉ ሴሎችና 8 ሚሊዮን ገደማ ግንኙነቶች ያሉት፣ በዚህ መንገድ መረመረው። በአጋጣሚ ከተሠራ ግራፍ ጋር ሲተያይ ክሊኩና ባዶው እጅግ በዛ። ይህ ከባድ ውጤት ነው። ዜናው ላይ የደረሰው ግን «አንጎላችን በ11 ዳይሜንሽን ይሠራል» ሆኖ ነው። ዩቲዩቡ ሁሉ ስለ ሌላ ዓለም አወራ።

ነገሩ ያን ያህል አያስፈራም። ዳይሜንሽን እዚህ ክሊኩ ውስጥ ያሉት ሴሎች ቁጥር ሲቀነስ 1 ነው። አራት ሰው ሁሉም ከሁሉም ሲተዋወቅ በዚህ ቋንቋ ባለ 3 ዳይሜንሽን ይባላል። በ12 ሰው የዕቁብ ቡድን ውስጥ ሁሉም የሁሉም ስልክ ካለው፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ባለ 11 ዳይሜንሽን ናችሁ።

ሌላው ችግር ወጪው ነው። 50 ሰው ሁሉም ከሁሉም ቢተዋወቅ ሦስት ሦስት የሚሆኑበት 19,600 መንገድ አለ። አራት አራት ካልን 230,300፣ አምስት አምስት ካልን ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ሁሉንም መጠን እንቁጠር ካልን ደግሞ ከአንድ ሺህ ትሪሊዮን ያልፋል። 50 ሰው ማለት የአንድ ክፍል ተማሪ ነው እኮ! ስለዚህ በተግባር ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሦስት ማዕዘን ወይም ባለ አራት ፊት ላይ ይቆማሉ። በ2016 ኳንተም ኮምፒውተር ይህን ቆጠራ ያፋጥነዋል የሚል ስሌት ቀርቦ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በኋላ የወጡ የሒሳብ ማረጋገጫዎች ግን በክፉው ሁኔታ ለኳንተም ኮምፒውተርም እንደሚከብድ አሳዩ።

ከወጪው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ያቺ «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ነገር ናት። ባርኮዱ «እኔ አልቆርጥም፣ ሁሉንም አሳያለሁ» ይላል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ቆርጦለታል። ሦስት ማዕዘኑ ይሞላ ወይስ ክፍት ይቅር? ግራፉን በምን ቅደም ተከተል እናሳድገው፣ በርቀት፣ በግንኙነት ጥንካሬ ወይስ በጎረቤት ብዛት? በዕቁብ ቡድን ውስጥ ሦስት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ቢተዋወቁ እንደ አንድ ሦስትዮሽ መሙላት ያስኬዳል። ሦስት ከተማዎች በመንገድ ቢገናኙ ግን መሐላቸው ያለው ሜዳ ሜዳ ነው፤ ምን አለና ይሞላል? አንድ ዓይነት ፕሮግራም በሁለቱም ላይ ሲሮጥ ሁለት ንጹሕ ባርኮድ ያወጣል። የመጀመሪያው ስለ ሰዎቹ ይናገራል። ሁለተኛው የሚናገረው ስለ ፕሮግራመሩ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ይህንን ምርጫ ለራሱ ለማሽኑ የመተው ሙከራ ተጀምሯል። በ2020 በወጣ አንድ ሥራ ኒውራል ኔትወርኩ ግራፉን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያሳድግ ራሱ ተማረ። በ2022 ደግሞ ቀለበትና ቁራጭ የሚቆጥረውን ክፍል እንደ አንድ ደርብ ተራው የግራፍ ኔትወርክ ውስጥ ሰኩት። የቅድሞቹን ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና ባለ ስድስት ጎኑን እንዲህ ያለው ኔትወርክ ይለያቸዋል፤ ምክንያቱም ቆጠራው አብሮት አለ።

ጥቅሙን ለመለካት ግን መለኪያው ራሱ መፈተሽ አለበት። በ2020 የወጣ አንድ የማነጻጸሪያ ጥናት ታዋቂዎቹን የግራፍ ኔትወርኮች በእኩል ሚዛን አስቀመጣቸው። ዘርፉ ለዓመታት ሲፎካከርባቸው ከነበሩት የሞለኪውልና የፕሮቲን ዳታዎች በአንዳንዶቹ ላይ፣ አንዱም መስመር ያልታየው፣ ነጥቦቹን ብቻ ደምሮ የሚፈርድ ቀላል ሞዴል እኩል ወጣ፤ አንዳንዴም በለጠ።